ሞተራቸው የሞተ መኪኖች ወደ አፍሪካ አልተጫኑም
እዚህ ላይ አስተያየት የምሰጥበት ጽሑፍ «አሜሪካ በ2009 እ.ኤ.አ. በካሽ ፎር ክላንከርስ የሰበሰበቻቸው አሮጌ መኪኖች አፍሪካ ገብተው ተሸጡ» ማለቱ ስህተት ነው። ካሽ ፎር ክላንከርስ አሮጌ መኪናውን አስረክቦ አዲስ ለሚገዛ ሰው የአሜሪካ መንግሥት ቅናሽ የሰጠበት ፕሮግራም ነበር። 3,500 ወይም 4,500 ዶላር ቅናሽ የተሰጠበትን አሮጌ መኪና የተረከበው አዲስ መኪና ሻጭ በመጀመሪያ ሞተሩን መግደል ነበረበት፤ በሌላ አገር እንኳ ተመልሶ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ሕጉ ይከለክል ነበር። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ የሞተር ዘይቱ ይፈስሳል፣ በምትኩ 40 በመቶ ሶዲየም ሲሊኬት የሚባል ኬሚካል ያለው የውሃ ድብልቅ ሁለት ሊትር ገደማ ይጨመራል፣ ከዚያ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ እየዞረ ይቆያል። ሙቀቱ ውሃውን ሲያተነው የቀረው እንደ መስታወት ይጠነክርና ዘይት በሚደርስበት ቦታ ሁሉ ሞተሩን ያንቀዋል። ሲግል የቆመ ሞተር ሲበርድ ሊነሳ ስለሚችል ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቆ፣ በሙሉ ባትሪ እንደገና መሞከር ግዴታ ነበር፤ ከሠራ ይደገማል። የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው፤ ለመኪና ፈታቾች ትልቁን ገቢ የሚያመጣው ሞተር ዋጋው የብረት ሆኖ ቀረ። በር፣ መብራት፣ ራዲያተር መሸጥ ይቻል ነበር፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻልም ለየብቻ ከተፈቱ። ግን በ180 ቀን ውስጥ መኪናው መጨፍለቅ ወይም መፈጨት ስላለበት ብዙ ጤነኛ ዕቃ ሳይፈታ አብሮ ሄደ። ከእኔ በላይ በጻፍከው አስተያየት የጀርመንን ጉዳይ ላነሳኸው ወንድሜ፣ አንተ ትክክል ነህ፦ እዚያ በዚያው ዓመት አሮጌ መኪናውን አስወግዶ አዲስ ለሚገዛ 2,500 ዩሮ ሲከፈል ሞተር መግደል ግዴታ ስላልነበር ወደ አፍሪካና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ሾልኮ የመውጣቱ ጉዳይ የፖሊሶች ማኅበርን ጭምር ያስጮኸ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አገሮች ያደባለቀ ይመስለኛል፣ ቢያርመው ጥሩ ነው።