ካባ የለበሰው ጭላዳና የኔ ጨጓራ

ኧረ ሰዎች፣ ይሄን ሳልጽፍ ብተኛ እፈነዳለሁ። አሁን ከአራስ ጥየቃ መግባቴ ነው። ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። ገንፎው ገና አልወረደም፣ ንዴቱም አልወረደም።

ለአራሷ ልጅ ብዬ በኪሮሽ የሰራሁትን የክር አሻንጉሊት፣ ጭላዳውን ታስታውሱታላችሁ አይደል? ያ ገላው ብቻ አልቆ ፎቶውን የለጠፍኩት፣ «ራሱን ማን ቆረጠው» እያላችሁ የተሳለቃችሁበት። አለቀ። ከነካባው፣ ከነቀይ ደረቱ፣ ከነፈገግታው አለቀ። ደሞ ማማሩ! የራሴን ስራ የማደንቅ ሰው አይደለሁም፣ ይሄንን ግን ሌሊት ሽንት ቤት ስነሳ መብራት አብርቼ አይቼዋለሁ። እሱን ነው አንዲት ሴትዮ በአንድ እግሩ አንጠልጥላ «ዓይን የለውም እንዴ?» ያለችኝ።

እመጣበታለሁ። ቆይ።

መጀመሪያ፣ «ለምን ጭላዳ?» ለምትሉኝ። እናንተ አትሉኝም፣ ታውቃላችሁ፣ አብራችሁን ነበራችሁ። ደብረ ሊባኖስ የሄድን ጊዜ፣ ፖርቱጋል ድልድይ ጋ ቆመን ጭላዳዎቹን ስናይ፣ የሕፃኑ አባት ለአሁኗ አራስ ያንን ትልቁን ጎፈሬ እያሳያት «ይሄ ቁርጥ አጎቴን» አላት። እሷም ሳቀች። ይኸው ዛሬ ወለዱ። ሰርጋቸው ላይ ሚዜዎቹ ሁሉ በጭላዳ ሲቀልዱ ነው ያመሹት። ታዲያ ለነዚህ ሰዎች ልጅ ምን ልስራ? ድብ? ድብ የት አይተው ያውቃሉ? ጭላዳ ማለት እኮ በዱር ከኛ አገር ውጪ የትም የማይገኝ ነው። ስሜን ተራራ፣ መንዝ ጓሳ፣ ደብረ ሊባኖስ ገደል ላይ ቁጭ ብሎ ሳሩን እየነጨ፣ መቀመጫውን ከመሬት ሳያነሳ እየተንፏቀቀ የሚውል፣ ማንንም የማያስቸግር ፍጡር። ወንዱ ጎፈሩ ከትከሻው ላይ ሲወርድ በቃ ካባ ነው። እኔም ካባ አደረግኩለት። ጠርዙ ወርቃማ፣ አንገቱ ጋ ቁልፍ የሚመስል ጥልፍ ያለው፣ የሙሽራ ካባ። እስቲ ይሄ አያስቅም? ሙሽራ ጭላዳ! እናትና አባቱ ሲያዩት ገና ከበር ይስቃሉ ብዬ ነበር።

ስራውን አሁን አልዘረዝርም። እሺ ትንሽ ልዘርዝር፣ ካልሆነ ንዴቴ አይገባችሁም። ፒያሳ የነበረችው የክር ሱቄ ሰፈሩ ሲፈርስ አብራ ሄደች፣ ስለዚህ መርካቶ ነው የወረድኩት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ጀምሮ፣ ከውጭ የሚገባ ክር ዋጋው ሌላ ዓለም ገብቷል። ባለሱቁን «ባለፈው እኮ በዚህ አልነበረም» ስለው «ባለፈው ባለፈው ነው እህቴ» አለኝ። ፈላስፋ። ቡኒ ክር፣ ነጣ ያለ ቡኒ፣ ቀይ፣ ወርቃማ፣ ለፊቱ ጥቁር። ቀዩን ለደረቱ አንድ መዳፍ የማይሞላ ነው የምፈልገው፣ ግን ጥቅሉን ካልገዛሽ አይቆረጥም። የተረፈው ቀይ ክር ቤቴ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

ከዛ መቁጠር። በኪሮሽ አሻንጉሊት የሰራ ሰው ያውቀዋል። ጭንቅላቱን በ6 ስፌት ትጀምሪያለሽ፣ ቀጥሎ 12፣ 18፣ 24 እያለ ይሰፋል፣ መሃል ላይ አንድ ከዘለልሽ ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ያዘማል። አጥብቀሽ ካልሰራሽው ደሞ ውስጡ ያለው ፋይበር በቀዳዳው ብቅ ብቅ ይላል። እና የኛ ቤት ሰው ቁጥር አያከብርም! «አስራ ሰባት፣ አስራ ስምንት...» እያልኩ «ቡና ፈልቷል!»፣ «ሪሞቱን አየሽው?»፣ «ጋዙ አልቋል መሰለኝ»። ፍታው፣ እንደገና። ከዛ መብራት ይሄዳል። ጥቁር ክር በስልክ መብራት ሰርታችሁ ታውቃላችሁ? የት ላይ እንደምትወጉ አይታይም፣ በጣት እየዳሰሳችሁ ነው። ያን ፊት በዳሰሳ ነው የሰራሁት። ፈገግታውን ስንት ጊዜ ፈታሁት መሰላችሁ፣ ትንሽ ከፍ ሲል ያፌዛል፣ ትንሽ ዝቅ ሲል ያለቅሳል።

ታክሲ ውስጥም ሰርቼዋለሁ። አንድ ሰውዬ ከጎኔ ተቀምጦ ብዙ ካየኝ በኋላ «ሹራብ ነው?» አለኝ። «አሻንጉሊት ነው» ስለው ዝም ብሎ ቆየና «ልጅ የለሽም ማለት ነው» አለኝ። ይሄ ከየት መጣ አሁን? መውረጃዬ ሳይደርስ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ቢሮ ደሞ ያቺ የምታውቋት አለች፣ ምሳ ሰዓት ላይ ኪሮሼን ባወጣሁ ቁጥር «አንቺ ስራ የለሽም እንዴ» የምትለኝ። እሷ ምሳ ሰዓቷን በሙሉ ቲክቶክ ላይ ሰው ሲጣላ እያየች ነው የምታሳልፈው፣ እሱ ስራ ነው።

እሺ ወደ ዛሬው።

ቤቱ ሙሉ ነው። የገንፎው ቅቤ ሽታ ከደረጃው ጀምሮ ይቀበልሻል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ ገባሁ፣ ሳምኳት፣ ሕፃኑን አየሁት (የአባቱ ግንባር፣ እግዜር ይርዳው)፣ ስጦታዬን ልሰጣት እጄን ስዘረጋ እቴቴ መሃል ገባች። የአባትየው አክስት። «ልጅ አቅፋለች እኮ፣ አምጪ እኔ ልክፈትላት።» ወረቀቱን ቦጫጨቀችው። ጭላዳዬን በአንድ እግሩ ይዛ አወጣችው፣ ካባው ፊቱ ላይ ተገልብጦ። ሳሎኑ ዝም አለ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጭላዳ ነው እቴቴ።»

«ዝንጀሮ?»

«አዎ፣ ማለቴ... ጭላዳ።»

«በስመአብ! ለአራስ ልጅ ዝንጀሮ?»

አንዷ ከሶፋው ጥግ ሳቋን አፈነች። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። «ቆንጆ ነው እኮ እቴቴ፣ ፊቱን ይዩት» አልኩ። ያቺ የምትስቀው ምን ብትል ጥሩ ነው? «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አራሷ ሳትቀር ሳቀች፣ ከዛ ስፌቱ አመማት መሰለኝ ተወችው።

እቴቴ ፊቱን አዟዙራ ታየዋለች። «ዓይን የለውም እንዴ?»

«አለው፣ በክር የተጠለፈ ነው። ቁልፍ ወይም ፕላስቲክ ካደረግኩበት ሕፃኑ ነቅሎ ይውጠዋል ብዬ ነው።»

«ተኝቷል?»

«አይ፣ እየሳቀ ነው።»

«ምን አግኝቶ?»

እንደገና ሳቅ። እኔ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። አሁን ያበቃል ስል ያቺ የማትቀረው ጥያቄ መጣች።

«ስንት ገዛሽው?»

«አልገዛሁትም፣ በእጄ የሰራሁት ነው።»

አየችኝ። ከላይ እስከ ታች። ፊቷ ላይ ያ ቀልድ ሁሉ ጠፋና አዘነችልኝ። እጄን ይዛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ግን ሁሉም ሰው በሚሰማው ልክ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ኑሮው እንደሆነ ለሁሉም ነው። ዋናው መምጣትሽ ነው።»

ኑሮው! ኑሮው!! እኔ ደሃ ስለሆንኩ ነው ጭላዳ የሰራሁት? በዛ ክር ዋጋ ሁለት ጥቅል ዳይፐር ገዝቼ፣ ቤቴ ተኝቼ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ በክብር ገንፎዬን በልቼ እመጣ ነበር! ይሄን ግን እዛ መሃል እንዴት ትይዋለሽ? ሂሳብ ታወጪያለሽ? «እቴቴ፣ ክሩ ይሄን ያህል፣ ፋይበሩ ይሄን ያህል፣ ዓይኔ ደሞ ይሄን ያህል»? «አሜን» ነው ያልኩት። አዎ፣ «አሜን» ብያለሁ፣ አትሳቁ።

ክብሬን ላተርፍ ብዬ ቁም ነገር ለማውራት ሞከርኩ። ለአራሷ፣ «አሁን አልጋው ላይ አጠገቡ አታስተኚው፣ ዶክተሮች እስከ 1 ዓመቱ አልጋው ላይ ለስላሳ ነገር ባይኖር ይላሉ፣ ፊቱ ላይ ቢወድቅ ያፍነዋል፣ ለጊዜው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ» አልኳት። እቴቴ ከኋላዬ፣ «ታዲያ የማይተኛበት ከሆነ ምን ሊሆን አመጣሽው?»

«ሲያድግ ይጫወትበታል።»

«ሲያድግማ መኪና ይገዛለታል።»

በቃ። ሴትየዋ መልስ አያልቅባትም። ቲቪ ላይ መቅረብ አለባት።

ከዛ ሌላ እንግዳ ገባች። ሴሎፎን የተጠቀለለ ውሻ ይዛ። ሆዱን ሲጫኑት መብራት እያበራ በእንግሊዝኛ ኤቢሲዲ የሚዘፍን። እልልታ ነው የቀረው! «ዓይኑን እዩት ዓይኑን!» ትላለች እቴቴ። አየሁት። ሽንብራ የምታክል ፕላስቲክ ናት፣ በሙጫ የተለጠፈች፣ አንደኛው ገና ከአሁኑ ጠርዙ ተነስቷል። የባትሪው ክዳን ብሎን የለውም፣ በጥፍር ይከፈታል፣ ውስጡ ያሉት እነዚያ ትንንሽ ክብ ባትሪዎች ናቸው፣ ልጅ ቢውጣቸው ጉሮሮ የሚያቃጥሉት። ዝም አልኩ። ብናገር «ቀናች» ነው የምባለው። አራሷን ግን ወጥቼ በቴክስት ነግሬያታለሁ፣ ልጁስ ምን አደረገኝ።

ቆይ፣ የባሰው አልመጣም። አባትየው ገባ። ያ የደብረ ሊባኖሱ ጀግና። ያ «ቁርጥ አጎቴን» ብሎ ሚስት ያገኘው። ጭላዳዬ በዚህ ሰዓት ቲቪው ስር ከሪሞቱ ጎን ተጋድሟል። አነሳው። ልቤ ዘለለ፣ አሁን ያውቀዋል፣ አሁን ይስቃል፣ አሁን ለሁሉም ይነግርልኛል። ካባውን ነካ ነካ አደረገና፣

«ኦ፣ ጦጣ!» አለ።

ጦጣ። ጎፈር ያለው፣ ደረቱ ቀይ፣ ካባ የለበሰ ጦጣ። ሌላ ምንም አልልም። ልጁን እግዜር ያሳድግለት።

አራሷን አልቀየምኳትም፣ እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ ደም መስሏል። ትንሽ ግን ተቀይሜያለሁ። አንድ ቃል! «እኔ ነኝ ጭላዳ የምወደው» ብትል ምን ነበረበት? ስወጣ ብቻ ጆሮዬ ላይ «ያምራል» አለችኝ። ጆሮ ላይ ምን ያደርጋል፣ ሳሎን ውስጥ ነበር የሚባለው።

ደሞ የሚያቃጥለኝ ምን መሰላችሁ፣ ይሄ ሁሉ የሚባለው በዳንቴል በተሞላ ቤት ውስጥ ነው። ሶፋው ዳንቴል፣ ጠረጴዛው ዳንቴል፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቲቪ እንኳን ዳንቴል የሚደረግበት ጀርባ ስለሌለው ነው የተረፈው። ሁሉንም እቴቴ ራሷ ናት የሰራችው፣ በወጣትነቷ፣ ትምህርት ቤት ከተማረችው የእጅ ስራ ጀምሮ። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነበረች፣ ሶፋው ላይ ያለው አናናስ የሚመስለው ስራ እኔ ዛሬም አልችለውም። እና ገንፎውን እያጎረሰችኝ ምን ትለኛለች፣ «እኛ እኮ ጊዜ ነበረን፣ ደሞ ቁም ነገር ነበር የምንሰራው። ዝንጀሮ አልሰራንም።» አጎረሰችኝ ደሞ ሁለቴ፣ «አንድ ያጣላል» ብላ። ተጣልተን እኮ ነው እቴቴ!

እሺ ይሄ የዛሬው ነው። የከረመውም አለብኝ። ያቺ ለልጄ ልደት ጥንቸል ስሪልኝ ብላ፣ ሰርቼ ዋጋ ስነግራት «እንዴ፣ ክር አይደለም እንዴ?» ያለችኝ ጎረቤት። አዎ ክር ነው። ያንቺም ቀሚስ ክር ነው። ያ ደሞ የልጁን ኮፍያ ወስዶ «በኋላ በቴሌብር እልክልሻለሁ» ብሎ ይኸው ልጁ ኮፍያው ጠቦት ሌላ የጠየቀኝ። ደሞ እናቴ። ነፍሷን ይማርና አልልም፣ በሕይወት አለች፣ እንደውም አሁን ከጓዳ «አሁንም ስልክ ላይ ነሽ?» እያለችኝ ነው። ያየሁትን ሁሉ ስነግራት ምን አለች፣ «እኔ ነግሬሽ ነበር፣ ሻርፕ ይሻላል ብዬሽ ነበር።» ለአራስ ሻርፕ!

ካባው ላይ ደሞ ገንፎ ፈሶበታል። የማን ልጅ እንደሆነ አላወቅኩም፣ አንድ ሦስት ዓመት የሚሆነው፣ ጭላዳውን ከቲቪው ስር ወስዶ ቅቤና በርበሬ ባለው እጁ ወርቃማውን ጠርዝ ጨበጠው። ማንም አልከለከለውም። እኔም አልከለከልኩትም፣ ምክንያቱም እውነት ለመናገር እዛ ቤት ውስጥ ጭላዳውን አቅፎ የሳመው እሱ ብቻ ነው። አክሪሊክ ነው፣ ይታጠባል። የሱፍ ቢሆን ኖሮ በሙቅ ውሃ ተኮማትሮ ያልቅ ነበር። ይሄንንም ማንም አልጠየቀኝም።

አሁን ይሄን እየጻፍኩ ቴሌግራም ገባልኝ። የእቴቴ ልጅ ናት። ቁጥሬን ከየት አመጣችው? ያ ቅቤያም ልጅ የሷ ነው ለካ። «ሰላም ውዴ፣ የሰራሽውን አሻንጉሊት አልለቅም ብሎ እያለቀሰ ነው። አንድ ለሱም ትሰሪልኛለሽ? ግን ዝንጀሮ አይሁን፣ እማዬ አትወድም። ዓይን ያለው ይሁን። ነገ ጠዋት ይደርሳል? ክሩን እኔ እችላለሁ።»

ነገ ጠዋት!