ዕድሜ ምርመራን አይተካም

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ በነበረ አንድ የጤና ውይይት ላይ የተሰጠ መልስ አናዶኛል። ጥያቄው፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው አረጋውያን የትኞቹ እንደሚብስባቸው በደማቸው የጂን እንቅስቃሴ፣ ማለትም በደም ሴሎቻቸው ውስጥ የትኞቹ ጂኖች እየሠሩ እንደሆነ በማየት፣ ቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ የሚል ነበር። ባለሙያው «ለእኛ ቅንጦት ነው፤ ሽማግሌው እንደሚሞት ማወቅስ ምን ይጠቅማል?» አሉ። ብዙ ሰው ተስማማ።

ምን ይጠቅማል? ሕክምናውን ይለውጣላ! እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ሳንባ ምች ወደ ሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ የራሱን አካላት ሲጎዳ) ተሸጋግሮባቸው ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ 265 ሰዎችን ነጭ የደም ሴሎች መረመረ። ከእነሱ የ108 ሰዎች የጂን እንቅስቃሴ የሰውነት መከላከያቸው እንደተዳከመ ያሳይ ነበር። ከእነሱም በ14 ቀን ውስጥ የሞተው ድርሻ ከሌሎቹ ይበልጣል። በ2019 የወጣ ትንተና ደግሞ፣ መከላከያቸው ያልተዳከመ ሕሙማን ሃይድሮኮርቲዞን የተባለው፣ የሰውነት መከላከያን የሚገታ ስቴሮይድ መድኃኒት ሲሰጣቸው ሞት መጨመሩን አሳየ። ለአንዱ መድኃኒት ተብሎ የሚሰጠው ሌላውን ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። ይሄን ማወቅ ነው ቅንጦት የተባለው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን «ሽማግሌው» የምትለዋ ነገር ናት። ሐኪሞች የሳንባ ምች ምን ያህል እንደከፋ በነጥብ የሚለኩበት ከርብ-65 ትንፋሽን፣ የደም ግፊትን፣ በደም ውስጥ ያለ ዩሪያን (ኩላሊት የሚያስወግደውን ቆሻሻ)፣ የአእምሮ መደናገርን ያያል። ርካሽ ነው፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን 65 ዓመት የሞላው ሁሉ በዕድሜው ብቻ አንድ ነጥብ ይያዝበታል። ዛሬም ሞፈር ተሸክመው ዳገት የሚወጡት የቢቸና አባትና አልጋ ላይ የዋሉት እናት እኩል አንድ ነጥብ! አረጋውያን ላይ ደግሞ ትኩሳቱም ሳሉም ላይታይ ይችላል። እህል እምቢ ይላሉ፣ ንግግራቸው ይምታታል። ቤተሰብ «እርጅናው መጣባቸው» ብሎ ጋቢ ይደርባል። ባለሙያም እንዲሁ ካሰበ ማን ቀረ?

ሌላም አለ። የጂን እንቅስቃሴ በዕድሜ፣ በኑሮ፣ በቆየ በሽታ ይለያያል። ጮቄ ተራራ ግርጌ ስስ አየር እየተነፈሰ ያረጀ አባት፣ ዕድሜዋን ሙሉ የምድጃ ጭስ የሳበች እናት ደም እዚያ ጥናት ውስጥ የለም። በእንግሊዞች ደም የተሠራ መለኪያ እኛ ላይ መሥራቱ መፈተን አለበት። ዛሬ ደም ካልሰበሰብን፣ ምርመራው ረክሶ የመጣ ቀን ለሌላ ሰው ተለክቶ የተሰፋ ልብስ እንቀበላለን።

መሣሪያው ነገ ጤና ጣቢያ ይተከል የሚል የለም። ኦክስጅንና አንቲባዮቲክ ይቅደም። ናሙና ማስቀመጥ ግን ሕንፃ አይጠይቅም። አርኤንኤን (የጂን እንቅስቃሴ የሚለካበትን የሴል ሞለኪውል) ሳይበላሽ የሚያቆይ የደም ቱቦ አለ፤ በክፍል ሙቀት እስከ 3 ቀን ይቆያል። መንገዱ ክፍት ከሆነ ከሞጣም ከፍኖተ ሰላምም ባሕር ዳር ለማድረስ ይበቃል። ከዚያ የሚቀረው ናሙናውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባትና በ30ኛው ቀን ለቤተሰቡ ደውሎ «አባባ እንዴት ናቸው?» ብሎ መመዝገብ ነው። ሪፈራል ሆስፒታሎቻችን ይሄን ዘንድሮ መጀመር ይችላሉ።