ይድረስ ለክቡር አቶ ድብቅ ክፍያ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከወለድዎ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ፤ ክብር ምስጋና ለፈጣሪ ይሁን።

ይህን የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የእርስዎ የክሬዲት ካርድ ሂሳብ ፖስታ ግን የሚመጣው ከሳውዝ ዳኮታ ግዛት ነው። መቼም ብርዱን ወደው እንዳልሄዱ እናውቃለን። በ1978 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ባንክ የተቀመጠበትን ግዛት የወለድ ሕግ ይዞ ሌላ ግዛት ያለ ደንበኛን በዚያው ማስከፈል ይችላል ብሎ ፈረደ፤ ሳውዝ ዳኮታም ብዙ ሳትቆይ የወለድ ጣሪያዋን ሻረች፤ እርስዎም ጓዝዎን ጠቅልለው ገቡ። የእኛ ሜሪላንድ የፈለገችውን ጣሪያ ብታበጅ እርስዎን አይነካም።

ከሁሉ የማደንቅልዎ ግን የበዓል ሰሞን ሥራዎን ነው። ሰው ለእናቱ የበግ መግዣ ሊልክ ስልኩን ያወጣል። የሽልማት ነጥብ ይያዝልኛል ብሎ ዴቢቱን ትቶ ክሬዲት ካርዱን ያስገባል። እርስዎ ግን ብዙ ጊዜ ይህን እንደ ግዢ አያዩትም፤ ካሽ አድቫንስ ይሉታል። ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ እንደወጣ ቆጥረው መጀመሪያ 5 በመቶ ገደማ ያነሳሉ። ግዢ ቢሆን ኖሮ ሂሳቡን በየወሩ አሟጦ ለሚከፍል ሰው ወለድ የለውም፤ የካሽ አድቫንሱ ግን ከዚያችው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል፣ ያውም ከግዢው ከፍ ባለ ወለድ። ነጥብ የሚባል ነገርም አይያዝለትም። የላኪው ድርጅት የሚቆርጠው ደግሞ ለብቻው ነው። እማማ ገና ገበያ ሳይወጡ እርስዎ ቅልጥሙን ወስደዋል!

የሶፋውስ ነገር? በሱቁ ክሬዲት ካርድ ለሚገዛ «12 ወር ያለ ወለድ» ተብሎ በትልቁ ተለጥፏል። ከሥሩ፣ መነጽር ላለው ብቻ፣ «በ12 ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ» ይላል። በ2,000 ዶላር ሶፋ ላይ 50 ዶላር ብትቀር ወለዱ በ50ዋ ላይ አይደለም የሚታሰበው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተደብቆ ሲጠራቀም የከረመው በሙሉ ይመጣል፤ የሱቅ ካርድ ወለድ ደግሞ 30 በመቶ አካባቢ ነው። ስቴትመንቱ ላይ የሚጽፏት ሚኒመም (በወሩ ቢያንስ መከፈል ያለባት) በዓመቱ ዕዳውን እንደማትጨርስ እያወቁ እኮ ነው። እኛ ግን አሁን ዋጋውን ለ12 ማካፈል ጀምረናል። ይቅርታዎን!

በሌት ፊው (ዘግይቶ ለከፈለ በሚቆረጠው ቅጣት) ጉዳይ እንኳን ደስ ያለዎት። በ2024 የአሜሪካ መንግሥት የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በትልልቆቹ ካርድ ሰጪዎች ላይ ክፍያውን ወደ 8 ዶላር የሚያወርድ ደንብ አውጥቶ ነበር። የእርስዎ ወገኖች ቴክሳስ ሄደው ከሰሱ። ደንቡ ሥራ ሳይጀምር ታገደ፣ በ2025 ጭራሽ ተሰረዘ፤ ለዚያውም ተከሳሹ ቢሮ ራሱ ከከሳሾቹ ጋር ተስማምቶ። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ሲዋደዱ ሽማግሌ ምን ያደርጋል?

ይሁን እንጂ የ2009ኙን የክሬዲት ካርድ ሕግ አልረሳነውም። ቢሉን ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድመው ይልካሉ። ከሚኒመሙ በላይ የምንከፍለውን ወለዱ ከፍ ወዳለው ዕዳ ያስገባሉ። በአዲስ ግዢ ላይ ወለድ ሊጨምሩ ካሰቡ ደግሞ ከ45 ቀን በፊት ያሳውቁናል። ሚኒመም ብቻ የሚከፍል ሰው ዕዳውን በስንት ዓመት እንደሚጨርስ የሚናገረውን ሳጥንም በዚሁ ሕግ ተገደው ነው ስቴትመንቱ ላይ ያስቀመጡት፤ ያችን ሳጥን ሲያትሙ እጅዎ እንደሚንቀጠቀጥ እገምታለሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንዲያደርጉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የካሽ አድቫንስ ጣሪያዬን ዜሮ ያድርጉልኝ። ሁለተኛ፣ ባለፈው ወር በሰዓቱ ከፍዬ ሳለ የቆረጡብኝን ሌት ፊ ይመልሱ፤ ደረሰኙ እጄ ላይ ነው፣ በስልክም «አንድ ጊዜ ይጠብቁ» እያላችሁ ሙዚቃችሁን በደንብ አስጠንታችሁኛል።

ለመልሱ አይቸኩሉ። 45 ቀን ሰጥቼዎታለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን የዘገዩበትን አስከፍላለሁ።

አክባሪዎ፣
ሙሉውን ከፋይ