ወራጅ አለ!

ዛሬ ጠዋት ከሳሪስ ወደ ስታዲየም በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ጨዋነት አማረኝ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ከልክ በላይ የጫናት አንዲት ሴት ልጅ አዝላ፣ ከባድ ፌስታል አንጠልጥላ፣ አንገቷን ሰብራ ከጣሪያው ጋር ትታገላለች። ዙሪያዬን ብቃኝ ወንዱ ሁሉ ተኝቷል። ከጎኔ የተቀመጠው፣ ከሳሪስ ጀምሮ ስለ እግር ኳስ ሲጮህ የነበረው ሰውዬ እንኳ ድንገት አንኮራፋ። ጉልበቱን ተሻግሬ ብድግ አልኩና «ነይ እህቴ፣ ተቀመጪ» አልኩ።

«ወራጅ አለ!» አለ ረዳቱ።

መኪናው ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። «አልወርድም፣ ቦታ ልለቅላት ነው» ብዬ ሳልጨርስ ከኋላ ያሉት «ውረድ እንጂ፣ ሥራ አለብን!» ብለው ጎተራ ላይ አወረዱኝ። የከፈልኩት እስከ ስታዲየም ነበር።

በአባቴ ቤት ሰው ብድግ ሲል ወራጅ አይባልም ነበር። እንግዳ ብቅ ሲል ሁሉም ተነሥቶ «ኖር!» ይላል፤ የገባው ደግሞ «በእግዚአብሔር! አትነሡ!» እያለ ይማጸናል። አባቴ በአንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከቀትር በኋላ ብቻ ሠላሳ ጊዜ ሲነሣ ቆጥሬያለሁ። ጉልበቱን የጎዳው እርጅና ነው ቢሉኝ አላምንም።

እናቴ ግን በዚያው ዕለት ቡናና ንፍሮ ተሸክማ ከአባቴ አነሣሥ በላይ ተመላልሳለች። «ኖር» ያላት አንድም ሰው አላየሁም። ይህን ሳስበው እበሳጫለሁ። ስለ ጠፋው ጨዋነታችን የሚያላዝኑ ሽማግሌዎች የሚናፍቁት ያንን ድንኳን ከሆነ፣ ናፍቆታቸውን ለራሳቸው ይያዙት። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቁጭ ብዬ እቆጥር ነበር እንጂ ትሪውን አልተቀበልኳትም።

«ሴት የላከው ሞት አይፈራም» የሚለውን ተረት ግን እወደዋለሁ። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገው የጣሊያን ጦር አልበገር ሲል ውሃው እንዲያዝበት የመከሩት እቴጌ ጣይቱ ነበሩ፤ ጥሙም ምሽጉን አስለቀቀ። አፄ ምኒልክ በበኩላቸው የምሽጉን አዛዥ ማጆር ጋሊያኖን ከነወታደሩ፣ ከነመሣሪያው በሰላም ሸኙት። ሰውዬው ውለታውን የመለሰው ዓድዋ ላይ መጥቶ በመዋጋት ነው፤ እዚያው ቀረ። ጨዋነት ያከሰረው ሰው እኔ ብቻ አለመሆኔ ጎተራ ላይ ትንሽ አጽናናኝ። እኔን ግን ባለቤቴ ሽንኩርት ስትልከኝ ሞቱ ቀርቶ ካፊያውን እፈራለሁ።

ለዚህም ምክንያት አለኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት በሐምሌ ዶፍ ጃንጥላዬን ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሰጥቼ፣ በስብሼ ቤቴ ገብቼ ሳምንት በጉንፋን ተኛሁ። በመስከረም ያንኑ ጃንጥላ፣ የተሰበረ ዘንጉን በራሴ እጅ በሽቦ ያሰርኩትን፣ ባሏ ይዞት አገኘሁት። እየዘነበ ነበር። ከሥሩ ሆኖ ሞቅ አድርጎ ሰላም አለኝ፤ ጠጋ በል ግን አላለኝም።

ታክሲው ጋ ልመለስ። ልጅ ያዘለችው ሴት በመጨረሻ ሳትቀመጥ አልቀረችም ብላችሁ ይሆናል። በሩ ሲዘጋ ዞር ብዬ አየሁ። ያ የእግር ኳስ ሰውዬ ወደ መስኮቱ፣ ወደ እኔ ቦታ፣ ተንሸራቷል፤ እሱ የለቀቀው ላይ ከጎተራ የተሳፈረ ጎረምሳ ተሰይሟል። ሴትዮዋ እንደቆመች ናት። ሰውዬው በመስኮቱ አየኝና መልሶ ተኛ።