ለአነቃቂያችን ትንሽ ገንቢ አስተያየት

ቅዳሜ ከሰዓት ሐዋሳ ውስጥ አንድ አዳራሽ ገብቼ ነቃሁ። ከፍዬ ነው የነቃሁት። 8 ሰዓት ተብሎ 9 ከሩብ ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ርዕስ ደግሞ "የጊዜ አጠቃቀም" ነበር። ጊዜ ሲባክን እንዴት እንደሚያንገበግብ መጀመሪያ በተግባር ሊያሳዩን ፈልገው መሆን አለበት።

ሲያልቅ የአስተያየት ወረቀት ታደለን። ሦስት ሳጥን አለው፦ "ጥሩ"፣ "በጣም ጥሩ"፣ "እጅግ በጣም ጥሩ"። የኔ አልገባ ስላለ ነው እዚህ የምጽፈው።

የአነቃቂያችን ድምፅ ግሩም ነው። ማይክ ባይኖርም ታቦር ተራራ ላይ የተኛ ሰው ይነቃ ነበር፤ ማይክም ነበር። "አጠገባችሁ ላለው ሰው 'ትችላለህ' በሉት" የተባልነው 11 ጊዜ ነው፣ ቆጥሬያለሁ። አጠገቤ አንድ አባት ነበሩ። "ጋሼ፣ ይችላሉ" ስላቸው "ምኑን ልጄ?" አሉኝ። እኔም አልተነገረኝም።

ይዘቱ ጋ ስንመጣ ንስሩ አለ። መቼም የአነቃቂዎችን የንስር ተረት ታውቁታላችሁ። 40 ዓመት ሲሞላው መንቁሩ ይጣመማል፣ ጥፍሩ ይዶለዱማል፣ ላባው ይከብደዋል። ከዚያ ተራራ ወጥቶ መንቁሩን ከአለት እያጋጨ ይሰብራል፣ አዲስ እስኪበቅል ይጠብቃል፣ በአዲሱ መንቁር ጥፍሩን ይነቅላል፣ ጥፍሩ ሲበቅል ላባውን ይነጫል፣ በ150 ቀኑ ታድሶ ሌላ 30 ዓመት ይኖራል። ውብ ነው! ግን 150 ቀን ምን በላ? ጎረቤት ንስሮች ተራ ገብተው አጥሚት ያመላልሱለታል? እድር አላቸው? ጥፍሩን ነቅሎስ በምኑ ነው ቅርንጫፍ የሚይዘው? ሚስቱ ስታየው ምን አለች? ላባውን ነጭቶ ሲጨርስ ደግሞ የሚቀረው ንስር አይደለም፣ ለፋሲካ የተዘጋጀ ዶሮ ነው።

እውነተኛው ንስር እኮ እዚሁ ሐይቁ ዳር አለ። ዛፍ ላይ ሆኖ ነጭ ራሱን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ ሲጮኽ ይሰማል። አሳ ያወጣል፣ ይበላል። 40 ዓመት መድረሱ ራሱ ብርቅ ነው፤ መንቁሩን ቢሰብር በረሃብ ይሞታል።

ወደ ጥያቄና መልሱ። አብዛኛው ሰው "ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ" እያለ ተነሳ፤ አንዱማ ጀነሬተር ያስነሳውን ልጅ ሳይቀር አመሰገነ። የጠየቀችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ከፈረቃ ወጥታ በቀጥታ የመጣች፣ ባጇን እንኳ ከአንገቷ አላወለቀችም። "ደሞዜ ለቤት ኪራይና ለምግብ አይበቃም፣ ከምኑ ላይ ነው የምቆጥበው?" አለች።

"ድህነት አስተሳሰብ ነው እህቴ። አስተሳሰብሽን ቀይሪ!"

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ልጅቷ ማይኩን መለሰችና ተቀመጠች።

አስተሳሰቧ ምን ሆነ? ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ውላ፣ ከማይበቃት ላይ ቆንጥራ መግቢያ ከፍላ የመጣች ልጅ ናት። አከራይዋ በወር መጨረሻ አስተሳሰብ አይቀበሏትም። ገንዘቧን ተቀብሎ "ጥፋቱ ያንቺ ነው" ብሎ መሸኘት ነውር ነው። ያጨበጨብነውም ነውረኞች ነን።

እና ገንቢ ሐሳቤ ይቺው ናት፦ ለሚቀጥለው ስልጠና ንስሩን ይተዉትና አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ይሞክሩ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ቢወርዱ ያገኙታል። ጥቁር ኮቱን ደርቦ፣ መላጣውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ኮዳውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። አሳ ለማጥመድ አይለፋም። ሲለፉ ያደሩት ሰዎች አሳቸውን ሲበልቱ አጠገባቸው ይቆማል፣ የሚጣልለትን ዋጥ ያደርጋል። እሱ ግን መግቢያ አያስከፍልም።