ፎርማት የማይፈውሰው ምን አለ?

ሰሞኑን የአንድ ወዳጄ ኮምፒውተር የዊንዶውስ አፕዴት አልጨርስ አለ። ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ሪስታርት ያደርጋል። ከዚያ «ለውጦቹ እየተመለሱ ነው፤ ኮምፒውተሩን አታጥፉ» ብሎ ሰው ያስጠብቃል። መጨረሻ ላይ በ80070070 የሚያልቅ የስህተት ቁጥር አሳይቶ ዝም። ወዳጄ «ኮምፒውተር ለሚችል» ሰው ደወለ። ሰውየው ስክሪኑን አላየም፣ ቁጥሩንም አልጠየቀም። ፍርዱን በስልክ ሰጠ፦ «ፎርማት ይደረግ!» ዲስኩ ይጠረግና ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለቱ ነው።

መቼም ታውቋቸዋላችሁ፤ ብዙ ማስተዋወቅ አያሻም። በየቢሮው አንድ፣ በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። እስካሁን ስናማቸው ኖረናል። ዛሬ ግን የሚገባቸውን ክብር ልስጣቸው።

የመጀመሪያው ጸጋቸው አለማንበብ ነው። የዊንዶውስ ሠሪዎች ብልሽቱን በቁጥር ለይተው አስቀምጠዋል። ያ የወዳጄ ቁጥር «ዲስኩ ላይ ቦታ የለም» ማለት ነው፤ በቃ። ሪሳይክል ቢን ሲራገፍ፣ ዳውንሎድ ውስጥ የተከመረው ፊልም ሲነሳ አፕዴቱ ሰተት ብሎ ገባ። ግን እስቲ አስቡት፣ ይሄ ምን ክብር አለው? ቆሻሻ ደፍቶ ማን ሊቅ ተባለ? የኮምፒውተሩ ቀን ተዛብቶ ከአፕዴት ሰርቨሩ ጋር መግባባት ቢያቅተው፣ ሰዓት ማስተካከል የልጅ ሥራ ነው። የወረደው ፋይል ተበላሽቶ ከሆነ ደግሞ የአፕዴት ሰርቪሱን አቁሞ፣ ሶፍትዌር ዲስትሪቢዩሽን በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ዳውንሎድ አጽድቶ፣ ሰርቪሱን መልሶ ማስነሳት። ይሄ ሁሉ ጣጣ ለፈሪ ነው። ጀግና ከነሥሩ ነው የሚነቅል።

ከሁሉም የምወደው ግን የፕሪንተሩን ታሪክ ነው። አንዱ ሊቅ «ፕሪንተሩ እምቢ አለ» ተብሎ ተጠራ። ወረቀት አልቆ ነበር። ሊቁ ኮምፒውተሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ፎርማት ተደረገ። ፎርማት ሲደረግ የፕሪንተሩ ድራይቨር፣ ሁለቱን የሚያግባባው ፕሮግራም፣ አብሮ ሄደ። ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን «አላውቅህም» አለው። ሊቁም «በቃ አርጅቷል» ብሎ ፈረደ፤ አዲስ ተገዛ። አዲሱ ደግሞ አፕዴት ካልገባ አልሠራም አለ። አፕዴት ተጀመረ። የተጫነው ዊንዶውስ ሊቁ በፍላሽ ይዞት የሚዞረው የድሮ ቅጂ ስለሆነ የሚወርደው የትየለሌ ሆነ። መሐል ላይ ቆመ። ምን ተደረገ? ልክ ናችሁ። ከሁለተኛው ፎርማት በኋላ የሊቁ ጥርጣሬ ወደ ኬብሉ ዞረ፤ ኬብል ተቀየረ። ቀጥሎ ወደ ራሙ። ራሙ ተነቅሎ በላጲስ ተፈገፈገ፣ እፍ ተባለበት፣ ተመልሶ ገባ። ከዚያ «ለማንኛውም» ተብሎ አንድ ፎርማት ተጨመረ። አዲሱ ፕሪንተር እዚያው አጠገባቸው ተቀምጦ፣ በባዶ ሆዱ ቀይ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ወረቀት እስካሁን የጨመረ የለም።

ሌላው ጸጋቸው ልበ ሙሉነታቸው ነው። «ፋይሎቼስ?» ብትሏቸው «ዲ ላይ ያለው አይነካም» ይሏችኋል። ዴስክቶፕ ላይ የደረደራችሁት አብዛኛውን ጊዜ ዲ ላይ ሳይሆን በሚጠረገው የዲስክ ክፍል፣ ሲ ላይ፣ እንደሚቀመጥ የምታውቁት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የልጅ ፎቶ፣ የሞተ አባት ድምፅ።

እዚህ ላይ ሳቄ ያልቃል። «ባክአፕ፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ፣ አለህ?» ብሎ መጠየቅ ትንፋሽ አይጨርስም። ይህችን ሳይጠይቅ የሰው ዕድሜ የሚያጠፋ ባለሙያ ሊባል አይገባም! ይባስ ብሎ ሲጨርስ «ሁለተኛ እንዳያስቸግርህ» ይልና አፕዴቱን ጭራሽ ዘግቶት ይሄዳል። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ሲያምስ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው በማርች ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ያንን አፕዴት ሳይጭኑ የተቀመጡ ስንት ኮምፒውተሮች ፋይላቸው ተቆልፎ የማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠየቀባቸው። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ የሕመምተኛ ቀጠሮ ሰርዘዋል። «እንዳያስቸግርህ» ማለት ይሄ ነው።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ከእነዚህ ሊቃውንት የአንዱን የግል ኮምፒውተር የማየት ዕድል ገጥሞኛል። ለመነሳት ዘመን ይፈጃል። ዴስክቶፑ ላይ ፎልደር ከመደራረቡ የተነሳ የጀርባው ሥዕል አይታይም። «አፕዴቱ አልተሳካም» የሚል ማስታወቂያ ብቅ ሲል፣ ወሬውን ሳያቋርጥ በለመደ እጁ ይዘጋዋል።

«ለምን ፎርማት አታደርገውም?» አልኩት።

ክው አለ።

«አንተ ደግሞ! ስንት ነገር አለኝ እኮ እዚህ ላይ!»