ኧረ ጎማችሁን አስተንፍሱ!

ወገኖች፣ ይሄ ነገር እኮ አንገፈገፈን! ወቅቱ በደረሰ ቁጥር ሰው የአውስትራሊያን ሲምፕሰን በረሃ ላቋርጥ ብሎ ይነሳል። ለመብራት፣ የተቀረቀረ መኪና ለሚጎትት ዊንች፣ ለፖርቶመጋላ ብዙ ሺህ ዶላር ያፈሳል። ሳንቲም የማታስወጣዋን ነገር፣ ጎማ ማስተንፈስን፣ ግን አያደርጋትም። አስፋልት ላይ 38 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) የተነፋ ጎማውን እንደያዘ አሸዋ ውስጥ ይገባል። ጉብታው ወገብ ላይ ሲደርስ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ሾፌሩ ነዳጅ ይረግጣል፣ መኪናው ይዘላል፣ መንገዱም ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ያውም ከ1,100 በላይ የአሸዋ ጉብታ ባለበት በረሃ! ዕዳውን የሚከፍለው ከኋላ የሚመጣው ነው፤ የእሱ ባሌስትራ ይሰበራል፣ የእሱ አሞርዛተር ዘይት ያንጠባጥባል።

የተነፈሰ ጎማ አሸዋው ላይ በርዝመቱ ይተኛል፤ ክብደቱ ስለሚከፋፈል አይቆፍርም። በ18 ጀምሩ፣ እምቢ ካለ 16፣ ተቀርቅሮ ከቀረ 12። በዚህ ልክ ዝቅ ብሎ መሪ በድንገት የሚጠመዝዝ ሰው ጎማውን ከቸርኬው ያወልቃል፣ ስለዚህ ቀስ። ለጠጠር መንገድ ከ26 እስከ 28 ይበቃል፤ ያኔም ፍጥነት ይቀነስ፣ የላላ ጎማ ሲበር ጎኑ ይግልና ይፈነዳል። የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

መልሶ መንፊያውስ? ሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካዋ ትንሿ ኮምፕሬሰር ለትልቅ ጎማ አቅም የላትም። 30 አምፔር የሚስበውን ትልቁን እዚያው ብትሰኩት ደግሞ ፊውዙን ያቃጥለዋል። ሞተሩ እየሠራ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ይያያዝ።

ሌላው የሚያበሳጨው ጭነቱ ነው። በበረሃው ምዕራብ ጫፍ ካለው ማውንት ዴር በምሥራቅ ጫፍ እስካለው በርድስቪል ማደያ የለም፤ አስፋልት ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚበቃው መኪና አሸዋ ላይ ከ20 በላይ ሊጠጣ ይችላል። ትርፍ ናፍጣ ግዴታ ነው፣ እሺ። ግን ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጣሪያ ላይ ማለት እኮ ናፍጣው ብቻ 100 ኪሎ ነው! እንዲህ አናቱ የከበደ መኪና ጉብታው ላይ ትንሽ ጎኑን ከሰጠ ይገለበጣል። መውጣት ያቃተው በመጣበት ኮቴ፣ በኋላ ማርሽ፣ ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ መሪ አዙሮ ልመለስ አይበል። ውሃውና ናፍጣው ወለሉ ላይ፣ ወደ መሃል ተጠግቶ፣ ጠብቆ ይታሰር። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 10 ሊትር፣ በዚያ ላይ የሦስት ቀን መጠባበቂያ፤ አንዱ ቢቀደድ ሁሉም እንዳይፈስ በተለያየ ዕቃ።

ደግሞ መኪናው ላይ ከሩቅ የሚታየውን ረጅም ባንዲራ ትከሉ፣ ሾፌሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ዩኤችኤፍ ሬዲዮም ቻናል 10 ላይ አድርጉ። ጉብታው አናት ላይ ከወዲያ በኩል የሚመጣው አይታይም። ባለ ተጎታቾች፣ የተጎታቹም ጎማ ይተንፍስ፤ እንዲያውም ቤት ቢቀር ይሻላል፣ ጉብታውን ከምንም በላይ የሚያርሰው እሱ ነው።